ከኬሎ እስከ ኬላ

ካፊዎች የጥንት መንግሥታቸውን የድንበር በር «ኬሎ» ይሉታል። እኛ ደግሞ መኪና አስቁመው የሚፈትሹበትን ቦታ «ኬላ» እንለዋለን። በጊቤ ዙሪያ የነበሩት የኦሮሞ መንግሥታትም የድንበር በራቸውን የሚጠሩት በዚሁ በኬላ ነበር። ማን ከማን እንደተዋሰ የቋንቋ ሊቃውንት ይከራከሩበት። እኔን የያዘኝ በሩ ላይ የሚቆመው ሰውዬ ነው። ንጉሥ ይለወጣል፣ ባንዲራ ይለወጣል፣ ሕገ መንግሥት ይለወጣል። ሰውዬው ግን እዚያው ነው። ሥራውም ያው ነው። የሚመጣውን ሰው ከላይ እስከ ታች አይቶ «ይሄ የኛ ነው፤ ይሄ የኛ አይደለም» ማለት።

እስቲ ከካፋ እንነሳ።

ካፋ እስከ 1889 ዓ.ም. ድረስ በራሱ ንጉሥ የሚተዳደር አገር ነበር። ንጉሡ «ታቶ» ይባላል። አጠገቡ «ሚክሬቾ» የሚባል የሰባት ሰዎች ምክር ቤት አለ። አገሩ በደን የተሸፈነ ነው፤ ቡናው፣ ማሩ፣ ኮረሪማው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ ከሩቅ ነጋዴ ይጠራል። ባሪያም ይሸጥ ነበር፤ ይህን ዘሎ የካፋን ታሪክ ማውራት አይቻልም። እንዲህ ያለ ሀብት ያለው አገር ጎረቤቱን ማመን አይችልምና ድንበሩን በጥልቅ ቦይ ቆፈረው፣ ቦዩን በእንጨት አጥር አጠናከረው። መግቢያው በኬሎዎቹ በኩል ብቻ ሆነ። በኬሎው ያለ ፈቃድ አይታለፍም። መልእክት ወደ ውስጥ ይላካል፤ መልስ እስኪመጣ እንግዳው ከደጅ ይቆያል። ዛሬ ኤምባሲ በር ላይ ፀሐይ የሚመታው ወገኔ ይህን ሲሰማ «ኧረ እኔም ታሪካዊ ነኝ!» ሳይል አይቀርም።

ፈረንጆቹ ካፋ ለመግባት ያዩትን አበሳ ራሳቸው ጽፈውታል። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 ቦንጋን ያየው የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከካፋ ሙሽራ ለማምጣት በላካቸው ሰዎች መሐል ተቀላቅሎ ነው። በአጭሩ ቪዛው ሰርግ ነበር። እኛ አቡነ ማስያስ የምንለው ኢጣልያዊው ሚሲዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1859 ገባ፤ በ1861 ተባረረ። ሌሎቹ ኢጣልያውያን ቼኪና ኪያሪኒ ደግሞ ጭራሹን ካፋ አልደረሱም። እ.ኤ.አ. በ1879 ጎረቤት አገር ጌራ ላይ የጌራዋ ንግሥት አሰረቻቸው። ኪያሪኒ እዚያው ሞተ። ቼኪን ያስፈታው የጎጃሙ ራስ አዳል ነው።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው ነውና በአንድ በኩል ካፊዎች ያለ ምክንያት አልተጠነቀቁም። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ስለምናውቅ «እንግዳ ጠሊዎች ነበሩ» ብለን ልንፈርድባቸው አንችልም። ደግሞ አጥር ሁለት ፊት አለው። ከውጭ ያለው እንዳይገባ የሚከለክለው አጥር ከውስጥ ያለው ባሪያም እንዳያመልጥ ይከለክላል።

ነገሩ የሚከረው ግን በሩን የሚጠብቀው ማን እንደነበር ሲጠየቅ ነው። ብዙዎቹ የኬሎ ጠባቂዎች ማንጆዎች ነበሩ።

ማንጆ ማለት ካፋ ውስጥ የሚኖር፣ ካፊኛ የሚናገር፣ በደን ውስጥ እያደነና ማር እየቆረጠ፣ ከሰል እያከሰለ የኖረ ማኅበረሰብ ነው። ገበሬዎቹን ጎማሮ ይሏቸዋል። ጎማሮ ማንጆን ቤቱ አያስገባም፤ ከማንጆ ጋር አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይጋባም። ምክንያት ሲጠየቅ «ጉሬዛና የዱር አሳማ ይበላሉ፣ የሞተ ይበላሉ» ይባላል። ማንጆው መንገድ ላይ ጎማሮ ሲያጋጥመው ከመንገዱ ወጥቶ «ልሙትልህ» የሚል ትርጉም ያለው ሰላምታ ያቀርብ ነበር። «በመልካቸው ይለያሉ» የሚልም አለ፤ ጸጉራቸው እንዲህ ነው፣ አፍንጫቸው እንዲያ ነው፣ ቁመታቸው፣ ጥቁረታቸው፣ ሽታቸው ሳይቀር ተቆጥሮ ይነገራል። አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ አንድ ደን ውስጥ ለዘመናት አብረው የኖሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ!

እስቲ አንድ ጊዜ ቆም ብለን እናስበው። የካፋ መንግሥት «ማን የኛ ነው፣ ማን አይደለም» የሚለውን ሥራ የሰጠው የኛ ብሎ ቤቱ ለማያስገባው ሰው ነው። እንግዳውን የሚመረምረው ራሱ በቤቱ እንግዳ የሆነው ነው። ይህ የካፋ ብቻ ነገር አይመስለኝም። በየአገሩ ድንበር ላይ ብርድና ዝናብ እየመታው የሚቆመው፣ ከከተማ የሚመጣውን ትእዛዝ የሚፈጽመው፣ ስህተት ሲገኝ ደግሞ መጀመሪያ የሚከሰሰው ከታች ያለው ሰው ነው። ከላይ ያለው «እኔ በመልኩ ያዘው አላልኩም» ይላል። እውነቱን ነው፤ አላለም። «የኛ ያልሆነውን ያዝ» ብቻ ነው ያለው።

የካፋ መንግሥት የወደቀው በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ ነው። የጅማው አባ ጅፋርም ረድቷል። ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት በጫካ እየተሸሸገ ከተዋጋ በኋላ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተያዘ። በብር ሰንሰለት ታስሮ እንደተወሰደ ይተረካል። ወደ አገሩ ሳይመለስ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሞተ። ከጦርነቱ ጥቂት ወራት በኋላ በዚያ ያለፈው ሩሲያዊው መኮንን ቡላቶቪች ሰው ያለቀበት አገር ነው ያየው። ኬሎዎቹ ፈረሱ፣ ቦዮቹን ሣር በላቸው። ማንጆው የበር ጥበቃ ሥራውን አጣ። ንቀቱን ግን ማንም አልወሰደበትም። በ1990ዎቹ አቤቱታ ይዘው ከወረዳ እስከ ፌዴራል ድረስ ተመላለሱ። በ1994 ዓ.ም. ዴቻ ወረዳን ጨምሮ በካፋ አንዳንድ ቦታዎች ማንጆዎች በጎማሮዎች ላይ ተነሱ፤ ደም ፈሰሰ፣ ብዙዎች ታሰሩ። ዴቻ የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ኬሎው ፈርሶ የተተካው በወረቀት ነው።

ሐምሌ 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ይል ነበር። ቀላልና ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመዘዋወርና የመኖር ነጻነት እንዳለው ደንግጓል። በአንቀጽ 33 ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን ሊገፈፍ አይችልም ብሏል። ሕጉ ምን ይወጣለታል? ችግሩ ሌላ ነው። ዜግነት ፊት ላይ አይጻፍም። ሌባ የሰረቀውን ይዞ ይገኛል። ሰካራም ይንገዳገዳል። ትርፍ የጫነ ሾፌር ትርፉ ይቆጠራል። «የኛ ያልሆነ» ሰው ግን በምን ይያዛል? በር ላይ ያለው ፖሊስ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996ን ሸምድዶ ቢመጣ እንኳ የሚያየው አፍንጫ፣ የሚሰማው አነጋገር፣ የሚያነበው የአባት ስም ነው። ሌላ ምን ያይ?

ለዚህ ነው የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ሲጨመር ቀላል ነገር ያልነበረው። ቀበሌ ራሱ በ1967 ዓ.ም. በትርፍ ቤት አዋጁ የተወለደ ነው። መጀመሪያ ስኳርና ዘይት ለማከፋፈል፣ ቆይቶም ሰው ለማደን ጠቀመ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ነዋሪውን በብሔር መዝግቦ መታወቂያ ያድል ጀመር። ቤልጂጎች ሩዋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መታወቂያ ላይ «ሁቱ» «ቱትሲ» ብለው ሲጽፉ እነሱም ለአስተዳደር ይመቸናል ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ኬላ ላይ ሰው እየለየ የገደለው ያንን መስመር እያነበበ ነው። የኛው ወደዚያ ሄደ ማለቴ አይደለም። በሩ ላይ ለሚቆመው ሰው ግን ሥራውን አቀለለለት።

ከሁሉ የከፋውን ያየነው በ1990 ዓ.ም. ነው። ግንቦት ላይ ባድመ ሲነድ መንግሥት መጀመሪያ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኤርትራውያን አይነኩም አለ። በሰኔ ሐሳቡን ለወጠ። ከዚያ በኋላ ሌሊትና ንጋት ላይ በር ይንኳኳ ጀመር። ፖሊስ ከቀበሌ ሰው ጋር ይመጣል። ስም ይጠራል። ሰውዬው ጣቢያ ይወሰዳል፤ ከዚያ አውቶብስ፤ ከዚያ ድንበር። ቤቱ፣ ሱቁ፣ መኪናው በችኮላ ውክልና ለጎረቤት ወይም ለዘመድ ይቀራል። እናት ሄዳ ልጅ የቀረበት፣ ባል ሄዶ ሚስት የቀረችበት ቤት አዲስ አበባ ውስጥ ስንት እንደሆነ በዚያ ዘመን የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። እስከ ጦርነቱ ማብቂያ የተባረሩት 75 ሺህ ያህል ይገመታሉ። ኤርትራም በበኩሏ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን አስወጥታለች፤ እነሱም ያዩት መከራ ቀላል አልነበረም።

መለያው ምን ነበር? ብዙ ጊዜ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በተካሄደው የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ መመዝገብና ድምፅ መስጠት። ድምፁን የሰጡት ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ፣ መንግሥት ፈቅዶና አመቻችቶ ነው። «ይህን ካርድ ስትይዝ ኢትዮጵያዊነትህን አስረክበሃል» ያላቸው ማንም አልነበረም። ከዚያ አልፎ ደግሞ ያልመረጠውም ተያዘ፤ ስሙ ኤርትራዊ የመሰለ፣ አባቱ ከዚያ ወገን የሆነ፣ ጎረቤት የጠቆመበት። ሐምሌ 2 ቀን 1990 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሬዲዮ ሲናገሩ የውጭ ዜጋ የሚኖረው በመንግሥት በጎ ፈቃድ እንደሆነ፣ መንግሥት «የዓይናችሁን ቀለም አልወደድነውም፤ ውጡ» ቢል እንኳ መውጣት እንዳለባቸው ገለጹ። ምሳሌ መሆኑ ነው። ከላይ የተነገረ ምሳሌ ቀበሌ ሲደርስ ግን መመሪያ ይሆናል። ቀበሌ ያለው ሰው ዓይን ማየት ያውቅበታል።

ሁለቱ መንግሥታት የተስማሙበት፣ ሄግ ላይ የተቀመጠው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ፍርዱን ሰጠ። ፍርዱ ለማንም ወገን ሙሉ ደስታ የሚሰጥ አይደለም። ኮሚሽኑ ያ ድምፅ የሰጠው ሰው የሁለት አገር ዜጋ ነበር አለ። በጦርነት ጊዜ እያንዳንዱን ሰው ለብቻ መርምሮ፣ ለደኅንነት ያሰጋል ብሎ ማስወጣትን እንደ ሕጋዊ ተቀበለው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አልተቀበለም። ኢትዮጵያን ጥፋተኛ ካላቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የኛ ርእስ ነው። ቁጥራቸው በትክክል ያልታወቀ ግን ብዙ የሆኑ ባለ ሁለት ዜግነት ሰዎችን የአካባቢ ባለሥልጣናት ምክንያቱ ሊረጋገጥ በማይችል ሁኔታ አስገድደው ሲያስወጡ ዝም ማለቷን ኮንኗል። ልብ በሉ! አዲስ አበባ ቢያንስ የምርመራ ሥርዓት ነበረኝ ብላ ተከራከረች። ትናንሽ ከተሞች ላይ ያለው ባለሥልጣን ግን ሥርዓትም ምክንያትም አላስቀረም። በኬሎ ላይ ያለው ሰው ብቻውን ወሰነ።

«የዓይን ቀለም» ነገር ሲነሳ አንድ ጉዞ ትዝ ይለኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ደቡብ ምዕራብ በሚሄድ አውቶብስ ውስጥ ነበርኩ። የቦታውን ስም አልጠራም። ገመድ ተወጥሮ ቆምን። አንድ ወጣት ፖሊስ ገባ፤ «መታወቂያ!» አለ ጮክ ብሎ። ስልሳ የምንሆን ሰዎች ኪሳችንን መዳሰስ ጀመርን። ማንም ግን የሁሉንም አልጠየቀም። ፖሊሱ ፊት ፊታችንን እያየ በመተላለፊያው አለፈ። እኔን ዘለለኝ። አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ አስቆመው።

«ከየት ነህ?»

«ከአዲስ አበባ።»

«እሱን አይደለም፤ ትውልድህ የት ነው?»

«አዲስ አበባ።»

«አባትህስ?»

ልጁ የአባቱን ስም ተናገረ። የአያቱንም ተጠየቀ፤ ተናገረ። ፖሊሱ «ና ውረድ» አለው። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። አንዳንዱ ተሳፋሪ ልጁን ሳይሆን ሰዓቱን ነበር የሚያየው። ልጁ ተመለሰና ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ምን እንዳሉት ስጠይቀው ፈገግ ብሎ «ምንም አላሉኝም። ስሜን ደጋግመው አነበቡት» አለኝ። ረዳቱ «በል ስምህን ቀይር፣ ያስቆመናል!» ብሎ አሳቀን። ልጁም ሳቀ። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ ግን አላወራም።

ፖሊሱ ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። ደከም ያለው፣ አቧራ የለበሰ ልጅ ነው። ትእዛዝ ተሰጥቶታል፤ መለያ ግን አልተሰጠውም።

ይህን ስል «የኛ አገር ጣጣ» እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ሕጓ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገባች። በዚህ አንቀጽ የፌዴራል መንግሥት ከአካባቢ ፖሊስ ጋር ተዋውሎ የኢሚግሬሽን ሥራ ሊያሠራው ይችላል። በአሪዞና ፊኒክስን የሚያጠቃልለው የማሪኮፓ ካውንቲ ሸሪፍ ጆ አርፓዮ በዚህ ሥራ ስሙ ገነነ። ሰዎቹ መንገድ ላይ መኪና ያስቆማሉ። ሰበቡ የኋላ መብራት ነው፣ ፍሬቻ ነው። የሚያስቆሙት ግን ሾፌሩ ላቲኖ ሲመስላቸው ነበር። ከተያዙት ውስጥ አያት ቅድመ አያታቸው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የፌዴራል ዳኛ መሥሪያ ቤቱ ሰዎችን በዘራቸው እየለየ ያስቆም እንደነበር ፈረደ። ሸሪፉ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ አላከበረም፤ በ2016 ምርጫ ተሸነፈ፤ በ2017 ፍርድ ቤት በመድፈር ጥፋተኛ ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ምሕረት አደረገለት። ጣጣው ያስከተለውን በአሥር ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ወጪ የከፈለው ግብር ከፋዩ ነው፤ የተገፋውም ላቲኖ ጭምር። ያ ዓይነቱ ውል ደግሞ በ2025 እንደገና በየክፍለ ግዛቱ ተስፋፍቷል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችንም ወረቀታቸውን ኪሳቸው ይዘው መንቀሳቀስ ጀምረዋል።

ሳዑዲንም አንርሳ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 የምሕረቱ ጊዜ ሲያልቅ ሪያድ መንፉሃ ሰፈር የሆነው በስልክ ተቀርጾ ሁላችንም አይተነዋል። ፖሊስ ብቻ አልነበረም፤ የሰፈር ጎረምሳም ዱላ ይዞ «ሐበሻ» ያድን ነበር። በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። ቦሌ ላይ በባዶ እግሩ የወረደ ሰው አይተን አለቀስን። ደግ አደረግን። እንባችን ግን የተመረጠ ነው። ያን ጊዜ ካለቀስነው ውስጥ ስንቶቻችን ነን ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ለጉራ ፈርዳ ሰዎች ያለቀስነው?

ጉራ ፈርዳ ከካፋ ብዙም አይርቅም፤ ያኔ ቤንች ማጂ ዞን ውስጥ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ከአማራ ክልል መጥተው እዚያ ይኖሩ የነበሩ ሺዎች ውጡ ተባሉ። መንግሥት «ሕገ ወጥ ሰፋሪዎች ናቸው፤ ደን ይጨፈጭፋሉ» አለ። ደኑ መጨፍጨፉ ውሸት አይደለም፤ ደቡብ ምዕራብን የሚያውቅ ሁሉ ደኑ እንዴት እንደሚያልቅ ያውቃል። ግን ደን የጨፈጨፈ ሰው በደን ሕግ ይጠየቃል፤ መጥረቢያው ይታያል፣ ጉቶው ይቆጠራል። ቀበሌው የለየው በመጥረቢያ አልነበረም፤ በመጣበት አገር ነበር። ኢትዮጵያዊ በኢትዮጵያ ውስጥ «ሕገ ወጥ» ተብሎ ሲባረር ያ ቃል ከየት እንደመጣ ማሰብ ነው። የኢሚግሬሽን ቃል ነው። በ2005 ዓ.ም. ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ እንዲሁ ሰዎች ሲባረሩ የክልሉ አስተዳደር ቆይቶ ስህተት መሆኑን አምኖ ተመለሱ አለ። ዴቻን ያዙልኝ ብዬ ነበር። በ1990ዎቹ በመንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም ወደ ዴቻ ሰዎች መጥተው ነበር። በ2011 ዓ.ም. እዚያ በሰፋሪዎች ላይ ጥቃት ደርሶ የሞተው ሞቶ ብዙዎች ተፈናቀሉ። መንግሥት አምጥቶ ያሰፈራቸው ናቸው! የመጡት በደብዳቤ ነው፤ ሲባረሩ ግን ደብዳቤውን ያነበበላቸው የለም።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ ነገሩ አዲስ አበባ ገባ። አከራይ የተከራይን ማንነት ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ተባለ። በየመንገዱ መታወቂያ ታየ፤ ትግርኛ ስም ያለው፣ ትግርኛ ያወራ ተያዘ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ገልጾ ስጋቱን ተናገረ። በ1990 ዓ.ም. «ኤርትራዊ» ለመለየት የተለማመደ ዓይን ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ሌላ ሥራ አገኘ።

አሁን የፋይዳ መታወቂያ መጥቷል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የተቋቋመ ነው። ብሔር የሚል መስመር የለውም። ደግ ነገር ነው፤ ማለፊያ ነው። ስም ግን አለው፤ የአባት ስምም፣ የአያት ስምም። አውቶብሱ ውስጥ የነበረው ፖሊስም ያነበበው ብሔር አልነበረም።

ወደ ማንኪራ የሄድኩት ሁሉም ሰው እንደሚሄደው ቡናውን ፍለጋ ነው። ማንኪራ በዚያው በዴቻ፣ የካፋ ሰዎች «ቡና የተገኘው እዚህ ነው» የሚሉበት ደን ነው። እናት የሚሏትን የቡና ዛፍ ለእንግዳ ያሳያሉ። ደኑ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የመዘገበው የካፋ ባዮስፌር አካል ነው። ቦንጋም በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። ከየአቅጣጫው ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ቱሪስቱ ይመጣል፤ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው።

አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ቤታቸው ቡና ጋበዙኝ። ጎማሮ ናቸው። ስለ ኬሎ አነሳሁባቸው። አያታቸው ነጋዴዎች በኬሎው ደጅ ለቀናት እየጠበቁ፣ በቅሏቸውን እያሰሩ ሲያድሩ ይነግሯቸው እንደነበር አጫወቱኝ።

«በሩን ማን ነበር የሚጠብቀው አባባ?»

«ማንጆ ነዋ!» አሉኝ፣ ላም ማን ያልባል ብዬ የጠየቅኳቸው ይመስል።

«ታዲያ እንዲህ ቤት ገብተው ቡና ይጠጡ ነበር?»

ሳቁ። «ልጄ፣ በር የሚጠብቅ ሰው ቤት ይገባል እንዴ?»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ሕግ አለ። የልጅ ልጆቼ ከነሱ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው የሚማሩት።» ትንሽ ዝም አሉና «እኛ ሽማግሌዎቹ ነን እንጂ» ብለው ተዉት።

ቶናው ሲቀዳ አንድ ጠመንጃ ያነገተ ወጣት ሚሊሻ በደጅ አለፈ። ሽማግሌው ተጣርተው «ና ቡና ጠጣ» አሉት። ሥራ ላይ ነኝ ብሎ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ልጅቷ ሲኒ ይዛለት ወጣች። ቆሞ ጠጣ፤ እኔንም ከላይ እስከ ታች አየኝና ከየት እንደመጣሁ ሽማግሌውን በካፊኛ ጠየቃቸው። እሳቸው መለሱለት። ምን እንዳሉት አልተረጎሙልኝም። ማንጆ ይሁን ጎማሮ እኔም አልጠየቅኩም፤ ከፊቱ የሚታወቅ ነገር አልነበረም።